ያውቁ ኖሯል? ስለ ፊት፣ ስለ ብጉርና ስለ ፎቶሾፕ

ፎቶ ላይ ፊትን ማለስለስ የፎቶሾፕ ፈጠራ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ሙያው ፎቶሾፕን በ135 ዓመት ይቀድመዋል። ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል የተባለ የሙኒክ ፎቶ አንሺ በ1855 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የአንድ ሰው ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አቀረበ። አንዱ ካሜራው እንዳየው ነው፤ ሌላው ኔጋቲቩ በእጅ የተነካካ። (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕዝቡ ጉድ አለ። ካሜራ መዋሸት እንደሚችል መታወቁ ደግሞ ሰውን ከፎቶ ቤት አላራቀም፤ እንዲያውም ገበያው ደራ።

መሣሪያው እርሳስ ነበር። በዘመኑ የሪታች (ፎቶን የማስተካከል) ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ዘመም ብሎ የቆመ የፈዘዘ መስታወት አለ፤ ከሥሩ ሌላ መስታወት የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። ኔጋቲቩ እዚያ ላይ ይጋደምና እርሳስ እንዲይዝ በስሱ ቫርኒሽ ይቀባል። ከዚያ ባለሙያው አጎንብሶ፣ ጫፉ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይጨምርበታል። ኔጋቲቭ ላይ ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ነው፤ ግንባር ላይ የጠቆረው የመጨማደድ መስመር እዚያ ስስና ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ይታያል። እርሳሱ ሲሞላው፣ ወረቀት ላይ ሲታተም መስመሩ የለም። ማጥቆር ካስፈለገ ደግሞ በስለት ይፋቃል። ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ አልነበረምና ስለቱ አንዴ ከሳተ፣ ፊቱ ላይ የሚቀረው ጠባሳ የደንበኛው ሳይሆን የባለሙያው ነው።

ከእርሳሱም በፊት ቀለም ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ዮሃን ባፕቲስት ኢዘንሪንግ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በብር በተለበጡ የዳጌሮታይፕ ሰሌዳዎች ላይ ያለውን ፊት ለማቅላት የቀለም ዱቄት ከግራር ሙጫ ጋር ይለውስ ነበር።

ያ ሁሉ እርሳስ ያስፈለገው የዚያን ዘመን ሰው ከዛሬው ይልቅ ብጉራም ስለነበረ እንዳልሆነስ ያውቁ ኖሯል? ጥፋቱ የኬሚካሉ ነው። በ1851 የወጣው የኮሎዲዮን መስታወት ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን እንጂ ቀይ አያይም። ስለዚህ ቅላት ያለበት ነገር ሁሉ፣ ብጉሩም ጠቃጠቆውም የፀሐይ ቃጠሎውም፣ ከእውነተኛው መልኩ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። ጀርመናዊው ሄርማን ፎግል በ1873 ኬሚካሉ አረንጓዴንም እንዲያይ የሚያደርግ መንገድ አገኘ፤ ቀዩን ጨምረው የሚያዩ ሰሌዳዎች ለገበያ የቀረቡት ግን በ1906 ነው። በመካከሉ ያሉት ደንበኞች በመስታወት የማያውቁትን ነጠብጣብ በፎቶ እያዩ ተሳቀዋል ማለት ነው።

ያንን የድሮ ዓይን ዛሬም በኮምፒውተርዎ መዋስ ይችላሉ። ፎቶሾፕ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ይክፈቱና "ቻነልስ" ከሚለው ውስጥ ሰማያዊውን ብቻ ያብሩ። ብጉሩ፣ ማዲያቱ፣ የላብ ቀዳዳው ሁሉ ፈጦ ይወጣል። አሁን ሰማያዊውን አጥፍተው ቀዩን ብቻ ያብሩ፤ ያው ፊት በአንድ ጊዜ ለስልሶ ይታያል። ሜላኒንም የደም ቅላትም ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣሉ፤ ቀዩን ግን በብዛት ይለቁታል። ለዚህ ነው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ሲሠሩ ከቀዩ ቻነል የሚነሡ ባለሙያዎች ብዙ ማለስለስ የማያስፈልጋቸው። ለነገሩ ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ግማሹን የማለስለሻ መተግበሪያ ከስልኩ ላይ ቢያጠፋ አይጎዳም።

የሆሊውዷ ጆአን ክራውፎርድ ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ካላወቁ አይፈረድብዎትም፤ ጆርጅ ኸረል በ1930ዎቹ ካነሣቸው ዝነኛ ፎቶዎቿ ላይ የሪታቸሩ እርሳስ ጠራርጎ አንሥቶታል።

ስታሊንም በልጅነቱ ፈንጣጣ ፊቱን በስቶት ነበር። በይፋ በተሰራጩት ፎቶዎቹ ላይ ግን ጉንጩ አንዲት ጉድጓድ የለበትም።

ፎቶሾፕ የተጀመረው ፊት በማይታይበት ፎቶ እንደሆነስ? ነገሩ እንዲህ ነው። ቶማስ ኖል በ1987 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያሳይ ማኪንቶሽ ፕላስ ላይ ግራጫ ጥላዎችን የምታሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ወንድሙ ጆን ለ"ስታር ዋርስ" ፊልሞች የእይታ ተንኮል በሚፈበረክበት ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ይሠራ ነበርና "ይህ ነገር ይሸጣል" ብሎ አብሮት ገባ። ለማሳያ ይዞት የሚዞረው ፎቶ፣ የወደፊት ሚስቱ ጄኒፈር በቦራ ቦራ የባሕር ዳርቻ ለካሜራው ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችበት ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ከባርኒስካን ስካነር ጋር ተጣምሮ 200 ያህል ቅጂ ብቻ ተሸጠ። ቀጥሎ አዶቤ ያዘውና በየካቲት 1990 "ፎቶሾፕ 1.0" ብሎ አወጣው። የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም በ2013 ይፋ ያደረገው የዚያ ዘመን ኮድ 128,000 መስመር ገደማ ነው። የወንድማማቾቹ አባት ምድር ቤታቸው ውስጥ የፎቶ ጨለማ ክፍል ነበራቸው፤ ልጆቹ ሙያውን በኬሚካል ጀምረውት ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ የፎቶሾፕ ተጠቃሚዎች ሁለት ጊዜ ቢሳሳቱ መመለሻ አልነበራቸውም። ምስልን በድርብርብ የሚያሠራው ሌየር የመጣው በ1994፣ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ የሚያስኬደው "ሂስትሪ" ደግሞ በ1998 ነው።

ሪታች የሚያደርጉ ሰዎችን ሕይወት የቀየረው ግን 2002 ነው። ከዚያ በፊት ብጉር የሚጠፋው በ"ክሎን ስታምፕ" ነበር፤ ጨርቅ ሲቀደድ ከሌላ ቦታ ቆርጦ እንደ መጣፍ ማለት ነው። ጣፊው ጎበዝ ካልሆነ እራፊው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ከጉንጭ የተወሰደ ብሩህ ቆዳ በአፍንጫ ጥግ ጥላ ላይ ሲለጠፍ ያበራል። በ2002 የወጣው የፎቶሾፕ 7 "ሂሊንግ ብራሽ" ግን ሽመናውን ከእራፊው፣ ቀለሙን ከተቀደደው ጨርቅ ይወስዳል። የላብ ቀዳዳውና ጸጉሩ ከመረጡት ቦታ ይመጣሉ፤ ብርሃኑና ቀለሙ ግን ከቁስሉ ዙሪያ ወደ ውስጥ እየተሰላ ይሞላል። ከሥሩ ያለው ሒሳብ ሙቀት በብረት ላይ እንዴት እንደሚዳረስ ከሚያሰሉት የሒሳብ ዓይነቶች ቤተሰብ ነው። ብጉር ላይ አንዴ ጠቅ ሲያደርጉ ያ ሁሉ ስሌት ይሠራል።

ቆዳን ለማደብዘዝ የሚያገለግለው "ጋውሺያን ብለር" ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ነው። ጋውስ ያረፈው በየካቲት 1855 ነው። ሃንፍሽቴንግል የተነካካ ፎቶውን ያሳየበት የፓሪስ ኤግዚቢሽን የተከፈተው በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ። አይተዋወቁም፤ ሥራቸው ግን በእኛ ጉንጭ ላይ ተገናኘ።

ያው ብለር የሙያው ትልቁ ኃጢአት እንደሆነም ይወቁ። ፊቱን መርጦ ማደብዘዝ ብጉሩን ይሸፍነዋል፤ አብሮ ግን የላብ ቀዳዳውን፣ ቀጭኑን የጉንጭ ጸጉር፣ የቅንድቡን ሥር ይውጠዋል። የሠርግ አልበም ላይ ሙሽራዋ የሱቅ መስኮት አሻንጉሊት መስላ ከታየች ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔውን ለማየት ፒያሳ ሆነ ቦሌ፣ ሥራ የሚያውቅ አንድ ኤዲተር ጀርባ ይቁሙ። ፎቶውን ሁለት ጊዜ ይገለብጠዋል። የታችኛውን ቅጂ ቀዳዳዎቹ እስኪጠፉ ብቻ ያደበዝዘዋል፤ እዚያ ላይ የቀረው ቀለምና ጥላ ነው። ከላይኛው ላይ "አፕላይ ኢሜጅ" በሚለው የታችኛውን ይቀንስበታል፤ ለ8 ቢት ፎቶ "ስኬል" 2፣ "ኦፍሴት" 128። ስክሪኑ ላይ ግራጫ የሆነ፣ ቀለም የሌለው፣ ቀዳዳና ጸጉር ብቻ ያለበት እንግዳ ፊት ይቀራል። ይህን ሌየር "ሊኒየር ላይት" ሲያደርገው ፎቶው ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ይመለሳል። አሁን ግን ቆዳው ለሁለት ተከፍሏል፤ የዓይን ሥር ጥቁረት ከታች ሲስተካከል ከላይ ያለው ቀዳዳ ንቅንቅ አይልም። ዘዴው "ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን" ይባላል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በሰነፍ እጅ ግን ያው ፕላስቲክ ፊት ያወጣል፣ ትንሽ ረቀቅ ያለ ፕላስቲክ።

ቆዳው ከመጠን በላይ ሲለሰልስ ብዙ ኤዲተሮች መጨረሻ ላይ "ኖይዝ" ይጨምሩበታል። ማለትም እውነተኛውን ቀዳዳ አጥፍተው የውሸት ሽፍታ ይነሰንሱበታል።

ታላላቆቹ መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት ይበልጥ ጥንታዊውን መንገድ ነው፤ "ዶጅ ኤንድ በርን"። ከጨለማ ክፍል የተወረሰ ነው። ምንም ነገር ሳይለጥፉና ሳያደበዝዙ፣ የጨለመውን ነጥብ ትንሽ ማብራት፣ የበራውን ትንሽ ማጨለም። በአንድ ፊት ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ፓስካል ዳንጃን ለመጋቢት 2008ቱ የአሜሪካ "ቮግ" ብቻ 144 ምስሎች እንደነካካ ተዘግቧል፤ 107 ማስታወቂያ፣ 36 የፋሽን ፎቶ፣ አንድ ሽፋን። የመጽሔቱ አንባቢ ከገጽ ገጽ ሲያገላብጥ ያየው የአንድ ሰው እጅ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በሙያው ውስጥ ያልተጻፈ ሕግ አለ፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ የሚጠፋውን አጥፋ፣ የማይጠፋውን ተው። ብጉር፣ የትንኝ ንክሻ፣ ምላጭ የጫረው ይጥፋ። ማርያም የሳመችው ምልክት፣ የልጅነት ጠባሳ፣ የሳቅ መስመር ይቆይ። የሳቅ መስመሩ ካስቸገረ ባለሙያው በአዲስ ሌየር ላይ ያጠፋውና የሌየሩን ድምቀት ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ሰውየው ያረፈ ይመስላል እንጂ የተቀየረ አይመስልም።

ይህን ሕግ የማያውቀው መተግበሪያው ነው። የእናቶቻችንን ንቅሳት ያስቡት፤ በግንባር ላይ ያለች መስቀል፣ በአንገት ዙሪያ የተደረደረ ነጠብጣብ። ለራስ ሰር ማለስለሻ ትንሽና ጠቆር ያለ ነጥብ ሁሉ ጉድፍ ነው፤ ንቅሳትና ማዲያት አይለይም። የአያትዎን ፎቶ በስልክ "ከማሳመርዎ" በፊት አንገታቸውን አጉልተው ይዩ፤ ካሳመሩት በኋላ የሚያውቁት አንገት እዚያ መኖሩን ያረጋግጡ።

"ፊቴን አጠቆረው" የሚባለው ፎቶ ብዙ ጊዜ የቆዳ ችግር ሳይሆን የነጠላ ችግር እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የካሜራ ብርሃን መለኪያ ዓለምን መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ጥምቀት ላይ ወይም ሠርግ ላይ ፎቶውን ነጭ ነጠላና ነጭ ቀሚስ ሲሞላው፣ ካሜራው "ብርሃን በዛ" ብሎ ይቀንሳል። ነጩ ነጠላ ወደ ግራጫ ይጠጋል፤ ጠይሙ ፊት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ኤዲተሩ ጥላውን በግድ ይጎትተዋል፤ ከጨለማ የተጎተተ ቆዳ ሽፍታና አመድማ መልክ ይዞ ይወጣል። አመዱን ለመሸፈን ማለስለስ፣ ማለስለሱን ለመሸፈን ማቅላት ይመጣል። ሥራው ግን በካሜራው ላይ ያልቅ ነበር፤ ብርሃኑን ከነጠላው ሳይሆን ከፊቱ ላይ መለካት።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ቅርጽ የሚያሳየው ጥላው ሳይሆን በአብዛኛው ነጸብራቁ ነው፤ በጉንጭ አጥንት፣ በአፍንጫ ድልድይና በግንባር ላይ የሚያርፈው ብርሃን። ብዙ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ግን ለነጭ ቆዳ የተዘጋጁ በመሆናቸው "ወዙን አጥፉ" ይላሉ። ወዙ ሲጠፋ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። የሚጠፋ ወዝ አለ፣ ላብ ነው፤ የሚቀር ወዝም አለ።

ስለ ወዝ ካነሣን፦ ፊትን ከወዝ የሚያደርቁ አንዳንድ ፓውደሮች ሲሊካ አለባቸው። ለዓይን አይታዩም፤ የካሜራ ፍላሽ ሲመታቸው ግን ብርሃኑን መልሰው ፊት ላይ ነጭ እድፍ ያወጣሉ። ሙሽሮች፣ ከሜካፕ ቤት ሳትወጡ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ ተነሡ።

የፎቶ ማተሚያ ማሽኖች ለአሥርት ዓመታት ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት በአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው ካርድ "ሸርሊ ካርድ" ይባል ነበር፤ ስሙን ያገኘው ከኩባንያው ሠራተኛ ከሸርሊ ፔጅ ነው። የሸርሊ ቆዳ ጥሩ ከወጣ ማሽኑ ደህና ነው ይባላል፤ አጠገቧ ጠቆር ያለ ሰው ቢቆም ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ቢወጣ የማሽኑ ጉዳይ አይደለም። ነገሩን ያጠኑት የካናዳዋ ምሁር ሎርና ሮት እንደጻፉት፣ ኮዳክ ቡናማ ቀለምን በቅጡ የሚያወጣ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት ውስጥ ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ ምርታቸው በማስታወቂያ ላይ አልለይ ብሏቸው። ሦስት የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ያሉበት የኮዳክ ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።

በቴክኖሎጂው ዓለም የቆዳ ቀለም ለረጅም ጊዜ የተለካው ለሌላ ነገር በተሠራ መስፈሪያ ነው። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ በ1975 ያወጣው መለኪያ የታሰበው ሕሙማን ለብርሃን ሕክምና ምን ያህል ጨረር እንደሚችሉ ለመገመት ነበር፤ መጀመሪያ አራት ደረጃ ነበረው፣ ሁሉም ለነጭ ቆዳ። ሁለቱ የጠቆሩት ደረጃዎች በኋላ ተጨመሩ። በ2022 የሃርቫርዱ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር ኤሊስ መንክ ያዘጋጁትን ባለ 10 ደረጃ መለኪያ ጉግል ይፋ አደረገው። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ ለሚያድግ ሰው አሥርም ቢሆን በቂ ነው ለማለት ያስቸግራል።

"ፌስአፕ" የተባለው መተግበሪያ በ2017 "ማራኪ ያደርጋል" ያለው ፊልተሩ የጥቁሮችን ቆዳ ያነጣ ስለነበር ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ከሠለጠነበት የፎቶ ስብስብ የመጣ ነው ብሏል። በተቃራኒው ማጥቆርም አለ፦ "ታይም" መጽሔት በሰኔ 1994 በግድያ የተከሰሰውን የቀድሞ ስፖርተኛ የኦ.ጄ. ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ አጥቁሮ በሽፋኑ ላይ አወጣ፤ በዚያው ሳምንት "ኒውስዊክ" ያንኑ ፎቶ ሳይነካው አውጥቶ ነበርና ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተሰቀሉ። ከዚህ የከፋ ማጋለጫ የለም።

የእንግሊዝ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በ2011 የጁሊያ ሮበርትስንና የክሪስቲ ተርሊንግተንን የፋውንዴሽን ሜካፕ ማስታወቂያዎች አገደ። የተርሊንግተኑ ምርት ስሙ "ዘ ኢሬዘር"፣ ማጥፊያው፣ ነበር፤ ኩባንያው ፎቶው ላይ ቆዳዋ እንደበራና የዓይኗ ዙሪያ ጥላ እንደተቀነሰ አምኗል። አጥፊው ማን እንደሆነ ገዢው ይፍረድ።

አለመንካትም ያስከስሳል። "ኒውስዊክ" በጥቅምት 2008 የወቅቱን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ የሣራ ፔይለንን ፊት ከነቀዳዳው በሽፋኑ ላይ ሲያወጣ፣ ደጋፊዎቿ "ሆን ተብሎ ነው" ብለው ተቆጡ። ሰው የለሰለሰውን ፊት እንደ መነሻ ከያዘ በኋላ፣ እውነተኛው ስድብ ይመስለዋል።

ፊት ማለስለሻው መተግበሪያ "ፌስቲዩን" የተሠራው ኢየሩሳሌም ውስጥ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በ2013 ያወጡት በአብዛኛው በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ዜቭ ፋርብማን፣ በ2008 ያሳተመው ጥናት በምስል ላይ ያሉ ጠርዞችን ሳያበላሽ ውስጡን ስለሚያለሰልስ ስሌት ነበር። የምርምር ወረቀቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ በልጃገረዶች ኪስ ውስጥ ገባ።

በዚያው አገር በእስራኤል፣ በመጋቢት 2012፣ በዓለም የመጀመሪያው "የፎቶሾፕ ሕግ" ወጣ። ሞዴል ለማቅጠን የተነካካ ማስታወቂያ፣ ከስፋቱ ቢያንስ 7 በመቶ የሚይዝ ማሳወቂያ እንዲለጠፍበት ያዛል።  ፈረንሳይ በጥቅምት 2017 ተከተለች፤ ቅጣቱ እስከ 37,500 ዩሮ ይደርሳል። ሁለቱም ግን የሚያዩት ወገብና ጭን እንጂ ጉንጭ አይደለም፤ ቆዳ እንደፈለገ ሊለሰልስ ይችላል። ቆዳንም በግልጽ የጨመረችው በሐምሌ 2022 ሕጓ ሥራ ላይ የዋለው ኖርዌይ ናት።

ስልክዎ ሳይጠይቅዎ ሊያለሰልስዎ ይችላል። በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስ ኤስ የፊት ካሜራው ፊትን ያለሰልሳል ተብሎ ተከሰሰ፤ አፕል ስህተቱ ከብዙ ፎቶዎች አንዱን መርጦ በሚያዋሕደው ስሌት ውስጥ እንደሆነ ገልጾ በሶፍትዌር ማሻሻያ አረመው። ሌሎች ስልኮች ላይ "ቢውቲ" የሚለው ከፋብሪካ እንደበራ ይመጣል። ቅንብሩን ገብተው ይዩ።

ይህ ለዲቪ ሞካሪዎች ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የዲቪና የቪዛ ፎቶ መመሪያ መልክን የሚቀይር ማንኛውንም ዲጂታል ማስተካከያ አይቀበልም። ለዲቪ የሚላከው ፎቶ አራት ማዕዘን፣ ከ600 በ600 እስከ 1200 በ1200 ፒክስል፣ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ነው ሲባል ቆይቷል። ልኩን ሁሉም ፎቶ ቤት ያውቀዋል፤ የሚረሳው ጠባሳው አብሮ መላክ እንዳለበት ነው። "ትንሽ ላጽዳልህ?" ሲሉዎት፣ አመስግነው እምቢ ይበሉ።

በአሜሪካ የፊት ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር የ2017 መጠይቅ ላይ፣ 55 በመቶ ሐኪሞች በሰልፊ ላይ አምሮ ለመታየት ብለው የመጡ ታካሚዎች አጋጥመውናል ብለዋል፤ በ2015 ቁጥሩ 42 በመቶ ነበር። ቀድሞ ሰው የታዋቂ ተዋናይ ፎቶ ይዞ ይሄድ ነበር፤ አሁን የራሱን፣ የለሰለሰውን ይዞ ይሄዳል። ቲክቶክ በኅዳር 2024 ከ18 ዓመት በታች ላሉት መልክ የሚቀይሩ ፊልተሮችን እንደሚከለክል ያስታወቀውም በዚሁ ስጋት ነው።

እንግዲህ አንድ ልመና። የሠርግም ሆነ የምርቃት ፎቶ ሲረከቡ በቴሌግራም ከተላከልዎ "እንደ ፋይል ላክልኝ" ይበሉ። በፎቶነት ሲላክ ይጨመቃል፤ የለሰለሰ ቆዳ ደግሞ ሲጨመቅ ቀድሞ ይጎዳል፣ ጉንጭ ላይ እርከን እርከን እየሠራ። ያልተነካውንም ቅጂ አብረው ይጠይቁ። ከለሰለሰ ፎቶ ላይ የጠፋን ጠባሳ መልሶ የሚያወጣ ቁልፍ የለም።